ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ፤ ከረጢት አልባው ቫኪዩም እንዴት መጣ?

መጥረጊያ ሥራውን አይደብቅም። ቤት የጠረገ ሰው የጠረገውን ደጃፍ ላይ ሰብስቦ ያየዋል፤ ጎረቤትም ያይለታል። ልብስ ያጠበም የውኃውን መጥቆር ያያል። ቫኪዩም ክሊነር ግን ለሰማንያ ዓመት ያህል ቆሻሻውን እየሳበ ከኋላው በተንጠለጠለ ወይም በሆዱ በተሸሸገ ከረጢት ውስጥ ሲከት ኖረ። ከረጢቱ ሲሞላ ይነቀላል፣ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። ምን እንደያዘ ማንም ከፍቶ አያየውም። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» የሚለው ተረት ለዚህ ማሽን የተነገረ እስኪመስል ድረስ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህ ከረጢት እንዴት እንደመጣ፣ ማንን ያበላ እንደነበርና እንዴት እንደወለቀ ነው። ወሬው የጽዳት ይምሰል እንጂ ውስጡ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያልታየ ነገር የሚጠቅመው ማንን ነው? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መሐረብና የትራስ ልብስ

ለንደን፣ 1901። ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ አቧራን እፍ እያለ የሚያባርር ማሽን ሲሠራ ይመለከታል። እፍ የተባለ አቧራ የት ይሄዳል? ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ቡዝ «ከመንፋት መሳብ አይሻልም ወይ?» ብሎ አሰበ። እንደሚተረከው ምግብ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ መሐረቡን ዘርግቶ በአፉ ሳበ፤ መሐረቡን ሲገለብጠው በአቧራ ጠቁሯል። ሐሳቡ ያን ዕለት ተረጋገጠለት። ቀጥሎ የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነበር። ደጅ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ወደ ቤት ይገባሉ። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲጭን የዌስትሚኒስተር አቢን ምንጣፎች ያጸዳው ይኸው የቡዝ ማሽን ነው።

ፈረስና ጋሪ ግን የሁሉ ሰው ደጅ አይደርስም። ማሽኑን ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ሀብታም መሐንዲስ አልነበረም፤ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ፣ የአንድ ትልቅ መደብር ወለል ጠራጊ ነው። አስም ነበረበት። በየቀኑ የሚጠርገው አቧራ ትንፋሹን ይዘጋዋል። በ1907 የአሮጌ ማራገቢያ ሞተር፣ ሳጥንና የመጥረጊያ እንጨት አገጣጠመ፤ ከኋላው ደግሞ የትራስ ልብስ አሰረበት። በቃ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ዊልያም ሁቨር የሚባል የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ገዛው። የሁቨር ንግድ ኮርቻና ልጓምን የመሰለ የፈረስ ዕቃ ነበር፤ አውቶሞቢል ደግሞ ፈረስን ከመንገድ እያስወጣ ስለነበር ሰውየው ሌላ እንጀራ ይፈልግ ነበር። አገኘ። እኛ የዱቄት ሳሙናን ሁሉ «ኦሞ» እንደምንለው፣ እንግሊዞችም ምንጣፍ ማጽዳትን «ሁቨር ማድረግ» እስከማለት ደረሱ።

ልብ በሉ። የከረጢቱ አያት የትራስ ልብስ ነው። ከዚያ በኋላ ጨርቁ በወረቀት ተተካ፤ ታጥቦ የሚመለሰውም ሞልቶ በሚጣለው ተተካ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ከረጢቱ ሁለት ሥራ አለው፤ አቧራውን ይይዛል፣ አየሩን ያሳልፋል። አየር የሚወጣው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል ነው። ችግሩም እዚያው ነው። ደቃቁ አቧራ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። አየር መውጫ ሲያጣ ማሽኑ መሳብ ያቅተዋል። ከረጢቱ ገና ግማሽ ሳይሞላ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ ግን መጮኹን አይተውም። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ እየሠራ ነው ይላል። ምንጣፉ ካልጸዳለት ምንጣፉን ይረግማል።

ከረጢቱ ማንን ያበላ ነበር?

ምላጭ የሚሸጥ ሰው መላጫውን በርካሽ ቢሰጥህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የኮምፒውተር ማተሚያ የገዛ ሰው ደግሞ የቀለሙን ዋጋ ሲጠይቅ ይገባዋል። ቫኪዩምም እንደዚያው ነበር። ማሽኑ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ከረጢቱ ግን ዕድሜ ልክ ይሸጣል። ማሽኑ ጉልበት ባጣ ቁጥር መፍትሔው «ከረጢት ቀይር» ነው። እንግዲህ ጉድለቱ ለገዢው ጉድለት፣ ለሻጩ ደግሞ ገቢ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት በራሱ ጊዜ አይጠገንም።

የገዢው ችግር ደግሞ ከረጢት ከሚሸጥበት ገበያ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይብሳል። እዚህ አዲስ አበባ የነበረውን አስታውሱ። ከውጭ የመጣ ቫኪዩም የነበረው ቤት ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። ማሽኑ በሻንጣ ይመጣል፤ አብረውት ሦስት ወይም አራት ከረጢት ይመጣሉ፤ ከረጢቶቹ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይቆማል። የኛ ቤቱም ያው ነበር። እናቴ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። አሮጌ የትራስ ልብስ ቀደደች፣ የወረቀቱን ከረጢት ልክ ወሰደች፣ አፉ ላይ ካርቶን አድርጋ ሰፋችው። ሠራ! ሲሞላ ደጅ ወስዳ ታራግፈዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች። ስለ ስፓንግለር ያነበብኩ ቀን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ በገመድ ላይ የተሰጣ ከረጢት ነው። ሰውየው በ1907 ኦሃዮ ላይ የደረሰበትን እናቴ ማንም ሳይነግራት ደርሳበታለች፤ መብቱን ያስመዘገበላት ግን የለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ያለችው አክስቴ፣ ማታ ማታ የቢሮ ሕንጻ የምታጸዳው፣ በስልክ የምሥራች አለች። «እትዬ፣ አሁን ከረጢት የማያስፈልገው መጥቷል፤ እሱን እልክልሻለሁ» አለቻት እናቴን። ላከችውም። ሆዱ እንደ ብርጭቆ ወለል ያለ ነው። አክስቴ በዚህ ማሽን የወደደችው አንድ ነገር ነበር። ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል አድራ ጠዋት የሚታይላት ነገር የለም፤ ምንጣፉ ያው ምንጣፍ ነው። በአዲሱ ግን ስትጨርስ የሠራችው በዓይን ይታያል፤ ለራሷም፣ ለተቆጣጣሪዋም። ያ ማሽን አዲስ አበባ ላይ የኖረው ግን ግማሽ ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኛ 220 መሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ጨሰ። ወለል ያለው ሆዱ ለእኔና ለወንድሜ ብይ ማጠራቀሚያ ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ።

ወንጭፍ፣ ሰፌድና የመሰንጠቂያው ጣሪያ

ለመሆኑ ከረጢት ከሌለው አቧራውን ምን ያስቀረዋል? መልሱ ሽክርክሪት ነው። ወንጭፍ ያዞረ ልጅ ያውቀዋል፤ ድንጋዩ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ማምለጥ ይፈልጋል። በማሽከርከር መለየት ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ሰፌድ ላይ እህል የምታንገዋልል ሴት የምታደርገው እሱን ነው። ማሽኑ ውስጥ አየሩ እንደ ቀፎ ጠበብ እያለ በሚወርድ ቆብ ውስጥ ከጎን ይገባና በኃይል ይሽከረከራል። አየር ቀላል ነው፤ አቧራ ከእሱ ይከብዳል። አቧራው ወደ ግድግዳው ይወረወርና ተንሸራቶ ታች ይወድቃል። የጸዳው አየር መሐል ለመሐል ወደ ላይ ይወጣል። የሚደፈን ቀዳዳ የለም። ይህን ፈረንጆች ሳይክሎን፣ ማለትም አውሎ ነፋስ ይሉታል።

ጥበቡ አዲስ አልነበረም። የእንጨት መሰንጠቂያና የእህል ወፍጮ ፋብሪካዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያቸው ላይ ትልልቅ ሳይክሎን ነበራቸው። ለቤትም ቢሆን በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፊልተር ክዊን የሚባል፣ አየርን የሚያሽከረክር ማሽን ቤት ለቤት ይሸጥ ነበር። ሬክስኤር የሚባለው ኩባንያ ደግሞ አቧራውን ውኃ ውስጥ የሚያሰጥም ማሽን ነበረው። ሁለቱም ውድ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ፈለሰፈው?» አይደለም። ለመቶ ዓመት ያህል ጣሪያ ላይ ሲሽከረከር የኖረ ነገር ሳሎን እስኪገባ ለምን ያን ያህል ዘገየ? ነው።

5,127

በ1978 አንድ የ31 ዓመት እንግሊዛዊ ዲዛይነር ቤቱን በሁቨር ያጸዳል። ጄምስ ዳይሰን ይባላል። ከዚያ በፊት በጎማ ፈንታ ኳስ የተገጠመለት የእጅ ጋሪ ሠርቶ ሸጧል። የጋሪው ፋብሪካ ውስጥ የዱቄት ቀለም የአየር ማጣሪያውን እየደፈነ ሥራ ያስቆማቸው ስለነበር፣ እንጨት መሰንጠቂያ ላይ ያየውን ሳይክሎን አስመስሎ ትልቅ አድርጎ አሠራ። ቤቱ ያለው ማሽን መሳብ ሲያቅተው ከረጢቱን ከፈተና ሁለቱን ችግሮች አገናኛቸው፤ ፋብሪካው ማጣሪያና የቤቱ ከረጢት በሽታቸው አንድ ነው። ያን ዕለት ከረጢቱን አውልቆ በካርቶንና በፕላስተር ትንሽ ሳይክሎን ሠርቶ ገጠመበት። ከረጢት የሌለው ሁቨር ምንጣፍ አጸዳ።

ከካርቶን እስከሚሸጥ ዕቃ ያለው መንገድ ግን አምስት ዓመት ፈጀ። ከ1979 እስከ 1984 ዳይሰን 5,127 ናሙና ሠራ። 5,126ቱ አልሆኑም። አስሉት፤ በአማካይ በቀን ሦስት ገደማ ነው። ዘዴው አሰልቺ ነበር፦ አንድ ነገር ብቻ ትለውጣለህ፣ ትሞክራለህ፣ ትመዘግባለህ፣ እንደገና ሌላ አንድ ነገር ትለውጣለህ። ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ገብቷል፤ ሚስቱ ሥዕል እያስተማረች ቤቱን ትደጉማለች። የጀግና ታሪክ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ያጨበጭባል። እኔ ግን ከሱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው።

ማሽኑ ሠራ። ሰውየውም ፈጠራውን ይዞ የትልልቅ ኩባንያዎችን በር አንኳኳ። አንድ በአንድ መለሱት። ማሽኑ አይሠራም ያሉት አይመስለኝም፤ መሥራቱ ራሱ ነው ያስፈራው። ከረጢት የሚሸጥ ሰው ከረጢት የሚያስቀር ማሽን ለምን ይገዛል? ይህን የምለው በግምት አይደለም። ከዓመታት በኋላ የሁቨር አውሮፓ ኃላፊ የነበሩ ሰው በቢቢሲ ቀርበው ቴክኖሎጂውን ከዳይሰን ባለመግዛታቸው መጸጸታቸውን ተናግረዋል። ቢገዙት ምን ያደርጉበት ነበር? እሱንም አልደበቁም፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ግልጽነት ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው!

በር የከፈተችለት ጃፓን ናት። ከ1986 ጀምሮ «ጂ ፎርስ» በሚል ስም፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ለብሶ፣ በማይቀመስ ዋጋ ተሸጠ። ሀብታም ጃፓናውያን እንደ ጌጥ ገዙት። ዳይሰንም ከዚያ በሚያገኘው ገንዘብ አገሩ ላይ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በ1993 ዲሲ01 የሚባለውን ግራጫና ቢጫ ማሽን አወጣ። ዋጋው 200 ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በወቅቱ ለቫኪዩም ብዙ ነው።

«ቆሻሻውን ማን ማየት ይፈልጋል?»

ዲሲ01 ሲወጣ ትልቁ ክርክር የተነሣው በሞተሩ ላይ አልነበረም። በሆዱ ላይ ነበር። ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ዕቃ ወለል ብሎ ያሳያል። ነጋዴዎች ተቃወሙ፤ የገበያ ጥናትም ሰዉ አይወደውም አለ። ማን የራሱን ጉድ ሳሎኑ መሐል ሊያይ ይፈልጋል? ዳይሰንና መሐንዲሶቹ ግን እነሱ ራሳቸው ማየት ወደውት ስለነበር አልሰሙም።

ሰዉም ወደደው። በ18 ወር ውስጥ ዲሲ01 በብሪታንያ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ ቫኪዩም ሆነ። የድሮ ማሽኖቻቸውን የሚያስታውሱ እንግሊዞች ዛሬም የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ንጹሕ ነው ያሉት ምንጣፍ በመጀመሪያው ቀን ያን የሚያክል ግራጫ አቧራና የውሻ ፀጉር ማውጣቱን። የደነገጠ አለ፣ ያፈረ አለ፣ ጎረቤት ጠርቶ ያሳየ አለ። በ1995 የመጣው ዲሲ02 ደረጃ ላይ ቁጭ ይል ነበር። በ1996 ዴ ስታይል የተባለውን የሆላንድ የሥነ ጥበብ ንቅናቄ ቀለማት ለብሶ የወጣ ልዩ እትምም ነበረው። ቫኪዩም ሥዕል ለብሶ ሲወጣ አስቡት። ዛሬ እነዚህን እየገዙ፣ ቱቦና ማሰሪያ እየቀየሩ የሚያኖሩ ሰብሳቢዎች አሉ።

ታላቁ ሁቨር በዚያን ሰሞን ምን ያደርግ ነበር? ነጻ የአውሮፕላን ቲኬት ያድል ነበር። በ1992 የብሪታንያው ሁቨር የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሰው ሁለት የደርሶ መልስ ቲኬት እሰጣለሁ አለ፤ መጀመሪያ ለአውሮፓ፣ ቀጥሎ ለአሜሪካ። ሰዉ ማሽኑን ሳይሆን አሜሪካን ገዛ። አንዳንዱ ሁለት ቫኪዩም ገዝቶ አንዱንም ከካርቶኑ ሳያወጣ ሸጠው። ኩባንያው ቲኬቱን ማድረስ አቃተው፤ ክስ፣ ስድብና ውርደት ተከተለ። ኪሳራው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ፤ በ1995 የአውሮፓው ሁቨር ካንዲ ለሚባል የጣሊያን ኩባንያ ተሸጠ። አንዱ ያለቀለትን ዕቃ በሽልማት ሲሸጥ ሌላው ዕቃውን ቀየረ።

በመጨረሻ ሁቨርም ከረጢት አልባ ማሽን አወጣ። ዳይሰን ከሰሰው። በ2000 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁቨር የዳይሰንን የፈጠራ መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ፤ በ2002 ካሳው 4 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ያ ሁሉ ኩባንያ «አያስፈልግም» ያለው ነገር በሰባት ዓመት ውስጥ የፍርድ ቤት ጠብ ሆነ ማለት ነው።

ባዶ ከረጢት የተመዘነበት ፈተና

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ግን ከሁሉ የምወደው ክፍል የመጣው ዘግይቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ጀምሮ ቫኪዩሞች ሁሉ የኃይል ቁጠባ ደረጃቸው ተለክቶ ምልክት እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። ጥሩ ሐሳብ። ልኬታው የሚወሰደው ግን ማሽኑ ባዶ ሳለ ነው። አዲስ ከረጢት ገጥመህ፣ አንዲት ቅንጣት አቧራ ሳይገባበት ትለካዋለህ። ባዶ ሲሆንማ የማይስብ ማን አለ? ጉዱ የሚጀምረው ሲሞላ ነው። ዳይሰን ከሰሰ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በኅዳር 2018 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ ልኬታው በተቻለ መጠን እውነተኛውን አጠቃቀም መምሰል አለበት በማለት። ሰውየው የተከራከረው ለጽድቅ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ለኪሱም ነው። ቢሆንም ነጥቡ ነጥብ ነው። ጠቢባኑ ሁሉ ተሰብስበው ያወጡት ፈተና ከረጢቱ የሚደብቀውን ነገር ሳያይ ማለፉ ያስገርማል።

እንግዲህ ሚዛኑን እንጠብቅ። ወለል ያለው ሆድም ሁሉን አያሳይም። በጣም ደቃቁን አቧራ ሳይክሎን ብቻውን ስለማይዘው ከኋላ ማጣሪያ አለ። እሱ ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ ይደፈናል፤ ያኔ የድሮው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው «ማሽኔ ሞተ» ብሎ የጣለው ማጣሪያውን አንድ ቀን ከፍቶ ሳያየው ነው። ሆዱ ሲራገፍ ደግሞ አቧራው እንደገና ፊት ላይ ይቦናል። ማሽኑን ያስወለደው የስፓንግለር አስም እንደነበር አትርሱ፤ ለአስም ሕመምተኛ ሞልቶ ታሽጎ የሚጣለው ከረጢት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌላም አለ። በ2002 ዳይሰን የቫኪዩም ማምረቻውን ከእንግሊዟ ማልምስበሪ ወደ ማሌዥያ ሲያዛውር 800 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የማሽኑ ሆድ ወለል ብሎ ቢያሳይም የማን እጅ እንደሠራው አያሳይም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ዳይሰን ግዙ ለማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ከረጢት አልባ ማሽን በየዓይነቱና በየዋጋው አለ፣ እኛም ገበያ ደርሷል። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሞተሩን ዋት ይነግራችኋል፤ አስነስቶም ያስጮኸዋል። ጩኸቱን ተዉት። «ማጣሪያው የት ነው? ከፍተህ አሳየኝ፤ በውኃ ይታጠባል ወይ? ሲያረጅ መተኪያው እዚህ አገር ይገኛል ወይ?» በሉት። ከመለሰላችሁ ግዙት። ካልመለሰላችሁ ግን መጥረጊያ ሃያ ሺህ ዓመት ቢቆይም ቮልት አይጠይቅም፤ የሠራችሁትንም ደጃፍ ላይ ያሳያችኋል።